ሰሜን ተራሮች፦ ድንኳን ሳንሸከም የምንደርስባቸው አፋፎች



የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲነሳ ለብዙዎቻችን የሚታየን ድንኳን፣ የጭነት በቅሎና የብዙ ቀን ጉዞ ነው። ራስ ዳሽን ለመውጣት ላሰበ ይህ ልክ ነው። አፋፉ ላይ ደርሶ ገደሉን ለማየት ግን የግማሽ ሰዓት እግር የሚበቃባቸው ቦታዎች አሉ።

ምክንያቱ የመሬቱ አሠራር ነው። ተራሮቹ ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት ተደራርቦ ከፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ የተሠሩ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ወንዞችና ዝናብ ሰሜናዊውን ጎን እየሸረሸሩ ቆርጠውታል። ስለዚህ ደጋው ላይ በቀስታ የሚሄድ ሰው በድንገት ከሺህ ሜትር በላይ ከሚወርድ ገደል አፋፍ ይደርሳል። ከደባርቅ የሚወጣው የመኪና መንገድም ከዚህ አፋፍ ብዙም አይርቅም።

ሦስት አጫጭር መንገዶች

ቡይት ራስ፦ ከደባርቅ ለተነሳ መጀመሪያ የሚገኘው ነው። ከመኪና ወርዶ ጥቂት ደቂቃ መራመድ ይበቃል። ጭላዳ ዝንጀሮዎች መስክ ላይ ተቀምጠው ሣር ሲነጩ የሚታዩት እዚህ ነው። ጭላዳ በዱር የሚኖረው በኢትዮጵያ ብቻ ሲሆን፣ ሌሊቱን የሚያሳልፈው ገደሉ ላይ ነው። ሰው አይተናኮልም፤ ምግብ መስጠት ግን ጠባዩን ያበላሸዋል። ጊዜ ያለው ከዚህ እስከ ሳንቃበር አፋፉን ይዞ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይሄዳል።

የጅንባር ፏፏቴ፦ ከሳንቃበር አለፍ ብሎ ከመንገዱ በአጭር የእግር መንገድ ይገባል። ውኃው 500 ሜትር ያህል ወደ ጥልቁ ይወርዳል። ክረምቱ እንዳለፈ፣ በመስከረምና በጥቅምት፣ ሙሉ ሆኖ ይታያል፤ በበጋ ይሳሳል።

ጨነቅ፦ 3,620 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። አፋፉ ከካምፑ አጠገብ ነው። በጠዋት ደርሶ ወደ ቧሂት በሚወስደው ዳገት ላይ በጸጥታ የቆየ ሰው ዋልያ የማየት ዕድል አለው። ሩቅ ስለሆነ ደባርቅ አድሮ ማልዶ መነሳት ይሻላል።

መንገዱ ቢያጥርም ከፍታው አያጥርም

ሳንቃበር 3,250 ሜትር ላይ ነው። በዚያ ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ከባሕር ወለል በሲሶ ያህል ያንሳል። ከጎንደር ከተማ ጋር ሲነጻጸርም ሰባት ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ስለዚህ በዝግታ መሄድ፣ ውኃ መያዝና ደረብ ያለ ልብስ መልበስ ግድ ነው። ሰኞና ሐሙስ የሚጾም ጉዞውን ለሌላ ቀን ቢያደርገው ይቀለዋል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የጀመረው ሰው ካለ ቡድኑ ወደ ታች ይመለስ፤ «ትንሽ ቀረን» አይባልም። ከሰዓት በኋላ ጉም ስለሚነሳ እይታውም መንገዱም የሚመቸው ጠዋት ነው።

መግቢያ የሚከፈለውና የሚሸኘን ስካውት የሚመደበው ደባርቅ በሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ነው። ከመነሳታችን በፊት የመንገዱን ሰላም እዚያው እንጠይቅ።

ሰላት በአፋፉ ላይ

ከሰሜን ተራሮች መካ ያለችው በሰሜን በኩል፣ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ዘንበል ብላ ነው። ገደሉም የተከፈተው በአብዛኛው ወደ ሰሜን ነው። ስለዚህ እዚያ ወደ ቂብላ የቆመ ሰው ፊቱ ወደ ገደሉ ይሆናል። ውብ ነው፤ ነገር ግን ሰፉን ከአፋፉ በደንብ አርቀን፣ ደልዳላ መሬት ላይ እንሥራ። የጠርዙ ድንጋይ የላላ ሊሆን ይችላል፤ ከሱጁድ የሚነሳ ሰውም በዚያ ከፍታ ሊያዞረው ይችላል። ጎንደር ከደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ የመንገደኛ ሰላት ጉዳይ ይነሳል። ዙህርና ዐስርን በማጣመር ላይ መዝሀቦች ስለሚለያዩ ከጉዞው በፊት ኡስታዞቻችንን እንጠይቅ።

ያየነውን እንወቅ

ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ በ2017 ከዚያ ወጣ። ለመውጣቱ ከተሠሩት ሥራዎች አንዱ የእርሻና የግጦሽ ጫናን መቀነስ ነበር። ለዚህም በፓርኩ ውስጥ የነበረችው፣ አብዛኞቹ ነዋሪዎቿ ሙስሊሞች የሆኑት የግጭ መንደር ሰዎች ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። አፋፉ ላይ ቆመን ያ ሁሉ ሣር መልሶ መብቀሉን ስናይ፣ ቤታቸውንና ማሳቸውን ትተው የወጡትንም እናስባቸው። ደባርቅ ስናልፍ ምሳችንን ከእነሱ ሰፈር ብንገዛ፣ ዱዓችንም ቢደርሳቸው መልካም ነው።

አላህ በሰላም ሄደን በሰላም የምንመለስ ያድርገን። ወላሁ አዕለም።