የካርቱም ልጆች በቃል የማይናገሩት ሕመም፦ የአእምሮ ጤና ነርሶች ምን ያደርጋሉ?

በሱዳን ጦር ሠራዊት እና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል መካከል ያለው ጦርነት ሚያዝያ 7/2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ሲፈነዳ፣ የከተማዋ ልጆች ትምህርት ቤታቸውን፣ የሰፈር ጓደኞቻቸውን እና ሰላማዊ እንቅልፋቸውን በአንድ ጊዜ አጡ። ጦሩ መጋቢት 2017 ዓ.ም. ዋና ከተማዋን መልሶ መቆጣጠሩን ካስታወቀ በኋላ በርካታ ቤተሰቦች ወደ ቀያቸው ተመልሰዋል። የልጆቹ ፍርሃት ግን ተኩሱ ስለቆመ ብቻ አይጠፋም።

ይህን ፍርሃት ቀድሞ የመለየት ኃላፊነት በአብዛኛው የሚወድቀው በነርሶች ላይ ነው። በሱዳን የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ከጦርነቱ በፊትም ጥቂት ነበሩ። ጦርነቱ ደግሞ ብዙ ባለሙያዎችን አሰድዷል፤ አብዛኞቹን የካርቱም ሆስፒታሎችም ከአገልግሎት ውጭ አድርጎ ነበር። ጎረቤት ኢትዮጵያም ተመሳሳይ እጥረት ስለነበረባት በአውሮፓውያኑ 1980ዎቹ በአማኑኤል ሆስፒታል ነርሶችን በሥነ አእምሮ ሕክምና ማሠልጠን ጀምራለች።

ልጆች ጭንቀታቸውን እንዴት ይገልጻሉ?

አዋቂ ሰው መጨነቁን በአንደበቱ ሊናገር ይችላል። ሕጻን ግን ሕመሙን የሚገልጸው በአካሉ እና በጠባዩ ነው። አልጋ ላይ መሽናት ትቶ የነበረ ልጅ መልሶ ይጀምራል። ሌላው ምክንያቱ ባልታወቀ የሆድ ወይም የራስ ምታት ይሠቃያል፤ ከእናቱ አልለይም የሚልም አለ። ታዳጊዎች ደግሞ ከሰው ይገለላሉ፣ በጥቂቱ ይቆጣሉ፣ እንቅልፍ ያጣሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ዙሪያ ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ዓመት ከሆኑ ሰባት ታዳጊዎች አንዱ የአእምሮ ጤና እክል አለበት።

የነርሶች ሥራ

የነርሶች የመጀመሪያ ሥራ ማስተዋል ነው። ልጁ እንዴት እንደሚጫወት፣ እንደሚበላ እና እንደሚተኛ ይከታተላሉ። የደረሰበትን እንዲተርክ ግን አያስገድዱትም፤ ግዳጁ ሥቃዩን ሊያባብሰው ይችላልና። የሚጥል በሽታ፣ የምግብ እጥረት ወይም ሌላ ሕመም ጠባዩን ለውጦት እንደሆነም ያጣራሉ። መድኃኒት ከታዘዘለት የጎንዮሽ ጉዳት እንዳያስከትልበት ይከታተላሉ።

ታዳጊውን ራስን ስለማጥፋት አስቦ እንደሆነ በግልጽ መጠየቅም የሥራቸው አካል ነው። ‘መጠየቁ ራሱ ሐሳቡን ያመጣበታል’ የሚለው ስጋት መሠረት የለውም። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ለታዳጊው እፎይታ ይሰጠዋል።

ባህልን ያልናቀ ሕክምና

ብዙ ቤተሰቦች የታመመ ልጃቸውን ቀድመው የሚወስዱት ወደ ሃይማኖት አባት ወይም ወደ ባህላዊ ፈዋሽ ነው። ይህን የተረዱት፣ የአፍሪካ ሥነ አእምሮ ሕክምና አባት የሚባሉት ሱዳናዊው ሐኪም ቲጃኒ አል ማሂ (እአአ 1911–1970) በኢትዮጵያም የሚታወቀውን የዛር እምነት አጥንተዋል፤ ከባህላዊ ፈዋሾች ጋርም ተቀራርበው ሠርተዋል። ኦምዱርማን የሚገኘው የሥነ አእምሮ ሆስፒታል ስማቸውን ይዟል። ዛሬም እናትን በእምነቷ የሚያሸማቅቅ ነርስ ልጁን ዳግም ላያየው ይችላል።

ወላጆች ምን ማድረግ ይችላሉ?

የመኝታ፣ የምግብ እና የጨዋታ ሰዓትን ሳያዛንፉ መጠበቅ ልጆችን ያረጋጋል። ለጥያቄያቸው አጭር እና እውነተኛ መልስ መስጠትም እንዲሁ። አልጋ ላይ ለሚሸና ልጅ ቅጣት ሳይሆን ማጽናኛ ያስፈልገዋል። ምልክቶቹ ከሳምንታት በኋላም ካልቀነሱ ልጁን ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ይገባል። ስለ መሞት የሚናገር ልጅ ግን ለብቻው ሊተው አይገባም፤ ሳይውል ሳያድር የባለሙያ እርዳታ ማግኘት አለበት።