በክረምት ለሚመጣ እንግዳ፦ ዝናቡ በስንት ሰዓት ይመጣል?

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆቻቸውን ይዘው አገር ቤት ለመምጣት የሚመቻቸው ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው። ይህም በእኛ አቆጣጠር ከሰኔ አጋማሽ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ያለው ጊዜ ነው። ከበጋ ተነሥተው፣ የበጋ ልብስ ለብሰው ይሳፈራሉ፤ ሲወርዱ የሚቀበላቸው ግን ክረምት ነው። ስለ አገሩ ሲነገራቸው ያደጉ ልጆች «ኢትዮጵያ ከምድር ወገብ አጠገብ አይደለችም እንዴ? ታዲያ ለምን ይበርዳል?» ብለው ይጠይቃሉ። አያት ጋቢ ያለብሷቸዋል፤ ለጥያቄው መልስ የሚሰጥ ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም።

በሌላ በኩል የውጭ አገር ጎብኚዎች ከዚህ ወቅት ይሸሻሉ። የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባሉት አቶ ሀብተሥላሴ ታፈሰ ያወጡት «የ13 ወር ፀሐይ» የሚለው መፈክር፣ በ2008 ዓ.ም «ምድረ ቀደምት» በሚለው እስከሚተካ ድረስ አገሪቱን ለዓለም ሲያስተዋውቅ ኖሯል። ሆኖም የጉዞ መጻሕፍት ዝናቡን ይናገራሉና እንግዳው እስከ መስከረም ይጠብቃል፤ አስጎብኚውም በቅሎ አከራዩም በእነዚህ ወራት ሥራ ይቀዘቅዝባቸዋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ ነገር ማስረዳት ነው። ስለ ክረምት ጉዞ መጠየቅ ያለበት «ይዘንባል ወይስ አይዘንብም?» ተብሎ አይደለም። «በስንት ሰዓት? በምን ያህል ከፍታ? በየትኛው ተዳፋት ላይ?» ተብሎ ነው። የእነዚህን ጥያቄዎች መልስ የያዘ ሰው አገሪቱን በለመለመችበት ወቅት ያያል። መልሱን ያልያዘ ግን ወይ ያለ ምክንያት ይቀራል፣ ወይ ሕይወቱን አደጋ ላይ ይጥላል።

ፀሐይ አናት ላይ ሆና ለምን ይበርዳል?

አዲስ አበባ የምትገኘው በሰሜን ኬክሮስ 9 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህም ፀሐይ በቀትር በትክክል ከአናታችን በላይ የምትሆነው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ አንደኛው በሚያዝያ መጀመሪያ፣ ሁለተኛው ከነሐሴ 20 በኋላ ባሉት ቀናት። 7 ዲግሪ ላይ ለምትገኘው ሐዋሳ ደግሞ በመጋቢትና በነሐሴ መጨረሻ ላይ ይውላል። በሌላ አነጋገር ቆመን ጥላችን ከእግራችን ሥር በሚጠፋበት ሰሞን ጋቢ እንለብሳለን ማለት ነው። ለዚህ ሦስት ምክንያቶች አሉ።

የመጀመሪያው ከፍታ ነው። ከባቢ አየር በአብዛኛው የሚሞቀው በቀጥታ ከፀሐይ ሳይሆን በታች ካለው ምድር ነው። ወደ ላይ የሚነሣ አየር ግፊቱ ስለሚቀንስ ይሰፋል፤ ሲሰፋም ይቀዘቅዛል። በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያህል ይቀንሳል። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር፣ ሐዋሳ ደግሞ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ በሁለቱ መካከል የ4 ዲግሪ ያህል ልዩነት መኖሩ የሚጠበቅ ነው። አባቶቻችን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ ብለው አገሩን የከፈሉት ይህንኑ ሕግ በኑሮ ለክተው ነው።

ሁለተኛው ደመና ነው። ወፍራም ደመና ከፀሐይ የሚመጣውን ብርሃን አብዛኛውን ወደ ጠፈር መልሶ ያንጸባርቀዋል።

ሦስተኛው ትነት ነው። በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወረደ ማለት 1 ሊትር ውኃ ፈሰሰ ማለት ነው። ይህን ውኃ ለማትነን 2.45 ሚሊዮን ጁል ያህል ሙቀት ያስፈልጋል፤ ይኸውም ጠራራ ፀሐይ በዚያው ካሬ ሜትር ላይ በ40 ደቂቃ ውስጥ የምታሳርፈው ጉልበት ነው። እርጥብ መሬት ላይ ያረፈችው ፀሐይ ጉልበቷን የምታጠፋው አየሩን በማሞቅ ሳይሆን ውኃውን በማትነን ነው።

ይሁን እንጂ ደመናው ሁለት ፊት አለው። ሌሊት ከምድር ወደ ጠፈር የሚያመልጠውን ሙቀት ይዞ ስለሚያስቀር የክረምት ሌሊት የሚታማውን ያህል አይበርድም። በደጋው አገር አመዳይ የሚወርደው ሰማዩ በጠራበት በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። የክረምት ብርድ የቀን ብርድ፣ የበጋ ብርድ ደግሞ የሌሊት ብርድ ነው ማለት ይቻላል። ሻንጣ የሚያዘጋጅ ሰው ይህን ልዩነት ሊያስበው ይገባል።

የደመናው ሰዓት

ውኃው ሲተን የወሰደው ሙቀት አይጠፋም። እንፋሎቱ ወደ ላይ ወጥቶ ወደ ውኃ ጠብታ ሲለወጥ መልሶ ይሰጠዋል፤ ደመናውን ወደ ላይ የሚገፋውም ይኸው ሙቀት ነው። በ1 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ ውኃው 10 ሚሊዮን ሊትር ነው። ይህ ውኃ ከእንፋሎት ወደ ጠብታ ሲለወጥ የሚለቀው ሙቀት 25 ትሪሊዮን ጁል ያህል ይሆናል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀው 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ይህን ያህል ጉልበት ለማመንጨት በሙሉ አቅሙ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ መሥራት ይኖርበታል። አንዲት መለስተኛ የከሰዓት ዝናብ ይህን ያህል ጉልበት አላት።

ይህ ኃይል የሚነሣበት ሰዓት አለው። በደጋማው አካባቢ በብዛት የሚታየው ሂደት የሚከተለው ነው። ማለዳ አየሩ የረጋ ነው፤ ጭጋግ ቢኖርም ከ3 ሰዓት ገደማ በኋላ ይገፈፋል። ፀሐይዋ የተራራውን ተዳፋት ስታሞቅ አየሩ ተዳፋቱን ይዞ ሽቅብ ይወጣል። እኩለ ቀን ላይ ደመናው እንደ ጥጥ ክምር ይቆለላል። ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ዝናቡ ይወርዳል፤ ማምሻውን ያባራል።

በሐይቆች አጠገብ ግን ሂደቱ ሊገለበጥ ይችላል። ውኃ በቀን ቀስ ብሎ ይሞቃል፤ ሌሊትም ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ሌሊት ከሐይቁ በላይ ያለው አየር ከየብሱ ይልቅ ስለሚሞቅ ወደ ላይ ይነሣል፤ ከዙሪያው ተራሮች የሚወርደው ቀዝቃዛ አየርም ቦታውን ሊተካ ይመጣል። በጣና ሐይቅ ዳርቻ፣ በባሕር ዳር፣ ነጎድጓድ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ዝንባሌ እንጂ የማይሻር ሕግ አይደለም። በሐምሌና በነሐሴ ቀኑን ሙሉ ሲያካፋ የሚውልበት ጊዜም አለ። ቢሆንም ጉዞውን ማለዳ 12 ሰዓት ጀምሮ እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ያጠናቀቀ መንገደኛ፣ ቁርሱን ተዝናንቶ ከረፈደ ከተነሣው ይልቅ የተሻለ ዕድል አለው።

አንድ አገር፣ ብዙ ክረምት

ክረምት የሚመጣው ከሰሜንና ከደቡብ የሚነፍሱት ነፋሳት የሚገናኙበት ቀጠና ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ሲጓዝ ነው። በዚያን ጊዜ ከአትላንቲክ ውቅያኖስና ከኮንጎ ተፋሰስ፣ እንዲሁም ከሕንድ ውቅያኖስ የተነሣ ርጥበት ወደ ደጋው ይገባል። ተራራው አየሩን ሽቅብ ሲገፋው ይቀዘቅዝና ይዘንባል። ተራራውን ተሻግሮ ቁልቁል የሚወርደው አየር ግን እየሞቀና እየደረቀ ስለሚሄድ ከተራራው ጀርባ ያለው አገር ዝናብ ያጥረዋል።

ስለዚህ በነሐሴ ጎጃምና ወለጋ በዝናብ ሲርሱ ቦረናና አብዛኛው የሶማሌ ክልል ደረቅ ናቸው። የእነርሱ ዝናብ የሚመጣው በመጋቢትና በግንቦት መካከል፣ ቀጥሎም በመስከረምና በኅዳር መካከል ነው። ሐዋሳ በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ ስለምትገኝ መካከለኛ ጠባይ አላት፤ ዝናቧ በበልግ ይጀምርና እስከ መስከረም ይዘልቃል። ከአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ወደ ምሥራቅ የሚያይ ሰው ብዙ ጊዜ ተራሮቹን በደመና ተሸፍነው ያገኛቸዋል፤ በዚያው ሰዓት ሐይቁ ላይ ፀሐይ ወጥታ ይሆናል።

ክረምቱ ከዓመት ዓመትም ይለያያል። በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ ኤል ኒኞ በሚከሰትበት ዓመት የሰሜኑና የመካከለኛው ደጋ ዝናብ የመቀነስ አዝማሚያ አለው፤ የ2007 ዓ.ም ክረምት ያስከተለው ድርቅ ለዚህ ማስረጃ ነው።

በረዶና መብረቅ

በሞቃታማው የዓለም ክፍል አየሩ ዜሮ ዲግሪ የሚደርሰው ከባሕር ወለል በላይ ከ4,500 እስከ 5,000 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ነው። ወደ ባሕር ጠረፍ የሚወርድ የበረዶ ቅንጣት ይህን ሁሉ ርቀት በሞቃት አየር ውስጥ ስለሚያልፍ ቀልጦ ውኃ ይሆናል። ለአዲስ አበባ ሰው ግን የበረዶው መስመር ከራሱ በላይ 2,500 ሜትር ያህል ብቻ ይርቃል። በረዶው ለመቅለጥ ጊዜ ስለማያገኝ ጣሪያ እያንኳኳ ይወርዳል። ራስ ደጀን ላይ ሲደርስ ጭራሹን ምድሩን ያነጣዋል።

ከዚያው ደመና የሚወጣው መብረቅ ግን በየክረምቱ ሰውንና ከብትን የሚቀጥፍ አደጋ ነው። ብልጭታው ለዓይን የሚደርሰው ወዲያውኑ ነው፤ ድምፁ ግን አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 3 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ በብልጭታውና በነጎድጓዱ መካከል ያሉትን ሰከንዶች ቆጥሮ ለ3 ማካፈል ርቀቱን በኪሎ ሜትር ይሰጣል። ቆጠራው ከ30 በታች ከሆነ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ነውና ወደ ቤት ወይም ጣሪያው ብረት ወደሆነ መኪና መግባት ይገባል። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ መቆየት ያስፈልጋል። ብቻውን የቆመ ዛፍ ሥር መጠለል ከዝናቡ ያድን ይሆናል እንጂ ከመብረቅ አያድንም።

ሰማይ ጠርቶ የሚመጣ ጎርፍ

የጥንት ግሪኮች የዓባይ ሙላት ግብፅን በበጋ፣ ያውም ጠብታ ዝናብ ሳይወርድ ማጥለቅለቁ ያስገርማቸው ነበር። ሄሮዶቱስ «ሙላቱ የሚመጣው ከበረዶ መቅለጥ ነው» የሚለውን ሐሳብ ውድቅ ያደረገው ወንዙ የሚነሣበት አገር ሞቃት ነው በሚል ነው። በስሌቱ ውስጥ ከፍታ አልገባም ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው ምዕተ ዓመት የኖረው አጋታርኪደስ ግን ምክንያቱ በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ የሚወርደው ዝናብ መሆኑን በትክክል ጽፏል።

ከዚህ የምንማረው ትልቅ ቁም ነገር ሰውን የሚወስደው ጎርፍ በራሱ ላይ በዘነበው ዝናብ ብቻ የሚመጣ አለመሆኑ ነው። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም ሌሊት ድሬዳዋን ያጠቃው የደቻቱ ጎርፍ በከተማው በላይ ባሉት ተራሮች ላይ ከወረደ ከባድ ዝናብ የመጣ ሲሆን ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። የወራጅ ውኃ የመግፋት ኃይል ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ያድጋል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። ወለሉ 7 ካሬ ሜትር የሆነ መኪና ከወለሉ በላይ 20 ሴንቲ ሜትር ውኃ ሲከበው 1,400 ኪሎ ግራም የሚያነሣ ኃይል ከሥሩ ይገፋዋል። ይህም አንድን የቤት መኪና ለማንሳፈፍ በቂ ነው። ጥልቀቱ ያልታወቀ ደራሽ ውኃን በመኪና መሻገር ድፍረት ሳይሆን የስሌት ስሕተት ነው።

ተዳፋት አፈርም እንዲሁ ነው። አፈሩን በቦታው የሚይዘው በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ሰበቃ ነው። ውኃ ክፍተቶቹን ሲሞላ ቅንጣቶቹን ገፍቶ ያራርቃቸዋል፤ ሰበቃው ይቀንስና ተራራው ይንሸራተታል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎችን ቀጥፏል። ከሟቾቹ መካከል ቀድመው የተቀበሩትን ለማውጣት የተሯሯጡ ጎረቤቶች ይገኙበታል፤ ሁለተኛው ናዳ እነርሱን ጨመራቸው። አንድ ጊዜ የተናደ ተዳፋት ከላይ ያለው አፈር ድጋፉን ያጣ ነውና እንደገና ሊናድ ይችላል። ይህን በየቀበሌው ማስተማር የክረምት ዝግጅት አንዱ ክፍል ሊሆን ይገባዋል።

ታዲያ መምጣት ወይስ መቅረት?

መምጣት ይሻላል፤ ነገር ግን አውቆ። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ አብዛኛው ውኃው ለኃይል ማመንጫ ስለሚውል በበጋ ይሳሳል፤ ግርማው የሚታየው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ነው። ቡሄ ነሐሴ 13 ቀን ይውላል፤ አሸንድዬ፣ ሻደይና ሶለል ከነሐሴ 16 ጀምሮ ይከበራሉ። በበጋ ብቻ የሚመጣ እንግዳ እነዚህን አያያቸውም። ከውጭ የሚመጡ ልጆችም የአያቶቻቸውን አገር በዘርና በአረም ወቅት ማየታቸው ከየትኛውም መጽሐፍ የበለጠ ያስተምራቸዋል።

እንግዳው ማለዳ ይጓዝ፤ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩትን ትንበያ ይከታተል፤ ከወንዝ ዳርና ከገደል ሥር አይደር። ደመና አለ ብሎ ቆዳውን አይርሳ፤ ቃጠሎ የሚያመጣው አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ በደመና መካከልም ያልፋል። ከ2,000 ሜትር በታች ወደሆነ አካባቢ፣ ሐዋሳን ጨምሮ፣ የሚወርድ ሰው ስለ ወባ አስቀድሞ ሐኪም ያማክር፤ በተለይ ሕፃናት የያዘ። አስተናጋጁም «ክረምት ነው» ብሎ በሩን ከሚዘጋ የማለዳውን ሰዓት ለጉብኝት፣ ከሰዓቱን ለቡናና ለጨዋታ አድርጎ መርሐ ግብር ቢያወጣ እንግዳውም ይደሰታል፤ እርሱም ሦስት ወር ሥራ አይፈታም።