ስለ ሕሙማን ሲል በቢስክሌት ረጅም መንገድ የሚጓዝ ሰው እንዴት መዘጋጀት እንደሚገባው

ሰው ለወንድሙ በጎ ሥራ ለመሥራት በተነሣ ጊዜ ልቡ አስቀድሞ ይሮጣል፤ ሰውነቱ ግን የልቡን ያህል ፈጥኖ አይከተለውም። ልብ በአንድ ቀን የቆረጠውን ጉዳይ ጡንቻና ሳንባ ሊሸከሙት የሚችሉት ከብዙ ሳምንታት ልምምድ በኋላ ነው። በዚህ ወር ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ ያሰብነው ነገር ይህን የሚመለከት ነው፤ ይኸውም ለሕሙማን መርጃ የሚሆን ገንዘብ ለመሰብሰብ ሲሉ በቢስክሌት ረጅም መንገድ የሚጓዙ ሰዎች፥ የራሳቸውን ጤና ሳይጎዱ ቃላቸውን ይፈጽሙ ዘንድ እንዴት መዘጋጀት እንደሚገባቸው ነው።

እንዲህ ያለው ልማድ በአውሮፓና በአሜሪካ እጅግ የታወቀ ነው። ተጓዡ ወደ ዘመዶቹ፥ ወደ ጎረቤቶቹና ወደ ሥራ ባልደረቦቹ እየሄደ «እኔ ይህን ያህል መንገድ በቢስክሌት ለመጓዝ ቃል ገብቻለሁና እናንተም በዚህ ምክንያት ለሕሙማን መርጃ የቻላችሁትን ስጡ» ብሎ ይለምናል። የሚለምነው ለራሱ ስላልሆነ አያፍርም፤ ሰጪውም ለማኙ ራሱ በላቡ የሚደክምበት ጉዳይ መሆኑን ስለሚያይ በደስታ ይሰጣል። ነገሩ ከእኛ አገር የደቦና የዕድር ልማድ የራቀ አይደለም፤ አንድ ሰው ብቻውን ሊያነሣው የማይችለውን ሸክም ብዙዎች ተካፍለው ያነሡታልና።

ከእነዚህ ጉዞዎች አንዱን ለምሳሌ እንውሰድ። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት የሚኖር ቢሊ ስታር የተባለ ሰው እናቱ ሜላኖማ በሚባለው የቆዳ ካንሰር ታመው በ1974 ዐረፉ። በ1980 ይኸው ሰው ጓደኞቹን አስተባብሮ፥ በጠቅላላው 36 ሰዎች ሆነው ከስፕሪንግፊልድ ከተማ ተነሥተው በባሕር ዳር እስካለችው እስከ ፕሮቪንስታውን ድረስ በቢስክሌት ተጓዙ፤ በዚህም 10,200 ዶላር ሰበሰቡ። ገንዘቡም የተሰጠው በቦስተን ከተማ ለሚገኘው ለዳና ፋርበር የካንሰር ተቋም ነበር። ይህን ተቋም በ1947 የመሠረቱት ሐኪሙ ሲድኒ ፋርበር ናቸው፤ እሳቸውም በ1948 የሕፃናትን የደም ካንሰር ለጊዜውም ቢሆን በመድኃኒት ማስታገሥ እንደሚቻል ለዓለም ያስታወቁ ሰው ናቸው። ጉዞው ዛሬ «ፓን ማስ ቻሌንጅ» እየተባለ ይጠራል፤ ከ1980 ጀምሮ እስከ 2024 ድረስ የሰበሰበው ገንዘብም በድምሩ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆኗል።

ጉዞው የሚደረገው በኦገስት ወር መጀመሪያ፥ ማለት በእኛ አቆጣጠር በሐምሌ መጨረሻ ገደማ ነው። ረጅሙን መንገድ የመረጡት ሰዎች ከስተርብሪጅ እስከ ፕሮቪንስታውን 300 ኪሎ ሜትር ያህል በሁለት ቀን ይጓዛሉ፤ የመጀመሪያው ቀን ብቻ ከ170 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እሽቅድምድም ስላልሆነ ቀድሞ ለደረሰ ሽልማት የለውም። ነገር ግን እያንዳንዱ ተጓዥ ሊሰበስብ የሚገባው የተወሰነ ገንዘብ አለ፤ የጎደለውንም ከራሱ ኪስ ይሞላል።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ይህን የመሰለ ቃል የገባ ሰው «ይህ ሁሉ ሰው በእኔ ምክንያት ገንዘብ ሰጥቶ እኔ እንዴት ወደ ኋላ እላለሁ» እያለ፥ ሳይለማመድ ይነሣል፤ ወይም ትኩሳት እያለበት ይጓዛል፤ ወይም ደረቱን እያመመው ከቢስክሌቱ አልወርድም ይላል። እንዲህም ሲሆን ሕሙማንን ለመርዳት የወጣው ሰው ራሱ ከሕሙማን ጋራ ይቆጠራል። እኛ የምንለው ግን ይህ ነው፤ ቃሉ የሚፈጸመው በጉዞው ቀን ብቻ ሳይሆን ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ነው፤ ገንዘቡም ተጓዡ መጨረሻው ላይ ቢደርስም ባይደርስም ለሕሙማን ይውላል።

ስለ ልምምድ

ልምምድ ማለት ሰውነትን ማድከም ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። እውነቱ ግን ሰውነት የሚጠነክረው ከድካም በኋላ በሚያርፍበት ጊዜ ነው። በተከታታይ ልምምድ ልብ በአንድ ምት የሚገፋው ደም ይበዛል፤ በጡንቻ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ቍጥር ይጨምራል፤ ጡንቻም ስብንና ስኳርን ወደ ኃይል የመለወጥ ችሎታው ይሻሻላል። ጅማትና መገጣጠሚያ ግን ከጡንቻ ይልቅ ቀስ ብለው ስለሚጠነክሩ፥ በሦስት ሳምንት ውስጥ «በረታሁ» ብሎ መንገዱን በእጥፍ የሚያበዛ ሰው በአራተኛው ሳምንት ጕልበቱን ታሞ ሊቀመጥ ይችላል።

ስለዚህ ዕድሜው ከ40 ዓመት ያለፈ፥ ወይም የልብ ሕመም፥ የደም ግፊት፥ የስኳር በሽታ ወይም አስም ያለበት ሰው ልምምዱን ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ዘንድ ቀርቦ ይመርመር። ጤነኛ ሆኖ በቢስክሌት ጥቂት ጥቂት መሄድ የለመደ ሰው ለእንዲህ ያለው ጉዞ 16 ሳምንት ያህል ቢዘጋጅ መልካም ነው። በሳምንት ሦስት ጊዜ ይውጣ፤ ሁለቱ አጫጭር፥ ሦስተኛው በዕረፍት ቀን የሚደረግ ረዘም ያለ ይሁን። በመጀመሪያው ሳምንት በድምሩ 80 ኪሎ ሜትር፥ ከዚህም ውስጥ በረጅሙ ቀን 40 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ይበቃል። ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ከዐሥር አንድ እጅ ያህል ይጨምር፤ በየአራተኛው ሳምንት ግን ሰውነቱ ያርፍ ዘንድ ከሦስት አንድ እጁን ይቀንስ። በዚህ አኳኋን ወደ 14ኛው ሳምንት ሲደርስ በአንድ ቀን 120 ወይም 130 ኪሎ ሜትር መሄድ ይችላል። በልምምድ ጊዜ ሙሉውን መንገድ መሄድ አያስፈልገውም። ነገር ግን ጉዞው ሁለት ቀን ስለሆነ፥ በደከመ እግር መነሣትን እንዲለምድ ቅዳሜና እሑድ አከታትሎ የሚሄድባቸው ጥቂት ሳምንታት ይኑሩት። በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት የመንገዱን ርዝመት ወደ ግማሽ ያውርድ፤ እንቅልፉንም ይጥገብ።

ፍጥነቱን የሚለካበት መሣሪያ ባይኖረው አያሳስበውም። በሚሄድበት ጊዜ ከጓደኛው ጋራ ያለ ችግር መነጋገር ከቻለ ፍጥነቱ ልክ ነው፤ ቃሉ ከተቈራረጠበት ግን ቀስ ይበል።

ስለ ምግብና ስለ ውኃ

ሰውነታችን ግላይኮጅን የሚባለውን የስኳር ስንቅ በጡንቻና በጕበት ውስጥ ያከማቻል። መጠኑ ከ400 እስከ 500 ግራም ያህል ሲሆን፥ በርትቶ ለሚጋልብ ሰው ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ገደማ የሚበቃው ነው። ስንቁ ሲያልቅ እግር ይዝላል፤ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ራስ ይዞራል፤ ጠባይም ይከፋል። እንዲህ ከሆነ በኋላ ቢበሉ ፈጥኖ አይመለስም። ስለዚህ ተጓዡ ሳይርበው፥ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ፥ በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም የሚሆን ኃይል ሰጪ ምግብ ይውሰድ። አንድ መካከለኛ ሙዝ 25 ግራም ያህል ይይዛል፤ ማር የተቀባ ዳቦና ቴምርም ይጠቅማሉ። በአገራችን መንገደኛ የሚሰነቀው በሶ ለዚህ የተስማማ ነው። ሆኖም ለጨጓራ የማይስማማ ምግብ በመንገድ ላይ እንዳያስቸግር፥ በጉዞው ቀን የሚበላው ሁሉ አስቀድሞ በልምምድ ጊዜ የተሞከረ ይሁን።

ስለ ውኃ ያለው ምክር ሁለት ወገን ነው። በሙቀት የሚጋልብ ሰው በሰዓት ግማሽ ሊትር፥ አንዳንድ ጊዜም ከአንድ ሊትር በላይ ላብ ሊወጣው ስለሚችል፥ ሳይጠጣ ቢውል ልቡ ይደክማል፤ የሰውነቱም ሙቀት ይጨምራል። በሌላ በኩል ደግሞ ውኃ ያለ መጠን የሚጠጣ ሰው በደሙ ውስጥ ያለው ጨው እየቀጠነ ሊሄድ ይችላል፤ ይህም ራስ ምታትን፥ ማስመለስንና ግራ መጋባትን ያመጣል፤ ሲከፋም ሊገድል ይችላል። ነገሩ የሚናቅ አይደለም። በ2002 የቦስተንን ማራቶን ከሮጡት ውስጥ የ488 ሰዎች ደም ተመርምሮ፥ 13 በመቶ በሚሆኑት ላይ የጨው ማነስ መገኘቱ በ2005 ታትሟል፤ ከምክንያቶቹም ዋነኛው ከመጠን በላይ መጠጣት ነበር። ልኩን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ፤ ይኸውም በልምምድ ቀን ከመውጣት በፊትና ከተመለሱ በኋላ በሚዛን መመዘን ነው። አንድ ኪሎ የቀነሰ ሰው አንድ ሊትር ያህል ውኃ ጎድሎበታል፤ ክብደቱ ጨምሮ የተመለሰ ሰው ግን ከሚገባው በላይ ጠጥቷል።

ስለ ንጽሕናና ስለ ቢስክሌቱ አያያዝ

ጣፋጭ መጠጥ የነበረበት የውኃ መያዣ ሳይታጠብ ቢያድር ተሐዋስያንና ሻጋታ ይራቡበታል፤ ስለዚህ በየዕለቱ በሙቅ ውኃና በሳሙና ታጥቦ ተገልብጦ ይድረቅ። በመንገድ ላይ እጅ አቧራና የካቴና ቅባት ስለሚነካ ሳይታጠቡ መብላት አይገባም። በኮርቻ ላይ ብዙ ሰዓት መቀመጥ ቆዳን ይፍቃል፤ ላብና እድፍ ሲጨመርበት ቍስልና እባጭ ያወጣል። ስለዚህ ሱሪው ወፍራም ስፌት የሌለበትና በየቀኑ የታጠበ ይሁን፤ ተጓዡም እንደ ደረሰ ወዲያው ልብሱን ለውጦ ይታጠብ።

የኮርቻውን ከፍታ ለማስተካከል፥ ተቀምጠው ተረከዝን ወደ ታች በወረደው ፔዳል ላይ ቢያሳርፉ እግር ቀጥ ሊል ይገባል፤ ከዚያም በእግር ፊተኛ ክፍል ሲረግጡ ጕልበት ጥቂት ይታጠፋል፤ ልኩም ይህ ነው። ኮርቻው ዝቅ ካለ ጕልበትን በፊት በኩል ያማል፤ ከመጠን በላይ ከፍ ካለ ደግሞ ወገብ ይወዛወዛል። መሪውን አጥብቆ መያዝ በመዳፍ ውስጥ የሚያልፈውን ነርቭ ስለሚጫን ጣቶችን ያደነዝዛል፤ ስለዚህ የእጅን አያያዝ በየጊዜው መለዋወጥ ይገባል። ፍሬኑ፥ ጎማውና ካቴናው ከመነሣት በፊት ይመርመሩ፤ የራስ ቁርም ሳያደርጉ መውጣት አይገባም። የተነሣንበት የጉዞ ታሪክ ከቆዳ ካንሰር የተያያዘ ነውና ይህን እንጨምራለን፤ በፀሐይ ብዙ ሰዓት የሚውል ሰው ክንዱንና አንገቱን በልብስ ይሸፍን፤ የተጋለጠውንም ቆዳ በፀሐይ መከላከያ ቅባት ይጠብቅ።

ከቢስክሌቱ መውረድ የሚገባው መቼ ነው

ደረቱን የሚጫነው ወይም የሚያመው፥ ልቡ ያለ ሥርዓት የሚመታበት፥ ዐርፎም ትንፋሹ የማይመለስለት፥ ወይም ራሱን የሚስት ሰው ወዲያውኑ ወርዶ ሐኪም ይፈልግ። በሙቀት ጊዜ ንግግሩ የተዛባ ወይም ያለበትን ስፍራ የዘነጋ ጓደኛ ቢኖር ወደ ጥላ ወስዶ በውኃ ማቀዝቀዝና ሐኪም መጥራት ይገባል። ትኩሳት ያለበትም ሰው ከናካቴው አይነሣ፤ ትኩሳትን የሚያመጡ አንዳንድ ተሐዋስያን የልብን ጡንቻ ሊነኩ ስለሚችሉ፥ በዚያን ጊዜ መድከም አደጋ አለበት።

በውጭ አገር በተማርንበት ዘመን እንዲህ ላሉት ጉዞዎች የሚዘጋጁትን ሰዎች ተመልክተናል። ከሁሉ የሚሻለው ተጓዥ ጠንካራው ብቻ እንዳልሆነ ያየነው በዚያን ጊዜ ነው፤ «ዛሬ ሰውነቴ እንቢ አለኝ» ብሎ ለመውረድ የማያፍረውን ሰው ከጠንካራው አብልጠን አከበርነው። ገንዘብ የሰጡት ሰዎች የፈለጉት የሕሙማንን መዳን እንጂ የወዳጃቸውን ጕዳት አይደለምና።

ለመምህራን

ቢስክሌት ለእኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም፤ ኢትዮጵያ በ1956 በሜልቦርን ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለች ጊዜ ከላከቻቸው ስፖርተኞች መካከል ቢስክሌት ጋላቢዎች ይገኙ ነበር። ስለዚህ መምህራን ለጤና ጣቢያ ወይም ለታመመ ተማሪ መርጃ የሚሆን አጭር ጉዞ ቢያዘጋጁ፥ 300 ኪሎ ሜትር አያስፈልጋቸውም፤ 20 ወይም 30 ኪሎ ሜትር ይበቃል። ሥርዓቱ ግን ያው ነው። ልምምዱ ከስምንት ሳምንት በፊት ይጀመር፤ የእያንዳንዱ ልጅ ወላጅ ይጠየቅ፤ መኪና የማይበዛበት መንገድ ይመረጥ፤ ውኃና የመጀመሪያ እርዳታ ዕቃ የያዘ ሰው ከኋላ ይከተል። የማሳቹሴትሱ መንገድ በባሕር ወለል አቅራቢያ ሲያልቅ፥ አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ስለዚህ ከቈላ ወደ ደጋ የመጣ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በጣም ቀስ ብሎ ይለማመድ።

ከዚህም ሥራ ሁለት ጥቅም ይገኛል። አንደኛው ለሕሙማን የሚሰበሰበው ገንዘብ ነው። ሁለተኛው ደግሞ በእነዚያ ሳምንታት ተጓዡ በሥርዓት መብላትን፥ በጊዜ መተኛትን፥ ሰውነቱን በንጽሕና መያዝንና የአቅሙን ልክ ማወቅን መልመዱ ነው። ገንዘቡ በአንድ ቀን ተቈጥሮ ለሕሙማን ይሰጣል፤ ልማዱ ግን ለተጓዡ ለራሱ ዕድሜ ልኩን ይቀርለታል።