ዘጠና ሁለት ዲግሪ፦ በኮልፌ ቀራንዮ ስለሚካሄድ የታዳጊዎች የሳይንስና የሒሳብ የተግባር ዐውደ ጥናት

(ለሕዝብ ክፍት በሆነው የፋኩልቲው የገለጻ መርሐ ግብር በቃል የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ የተስተካከለ)



ስለ ሳይንስና ሒሳብ የተግባር ዐውደ ጥናት ገለጻ እንዳደርግ ስጋበዝ፣ አዘጋጆቹ ስለ ሮቦትና ስለ ኮምፒውተር እንድናገር ጠብቀው ይሆናል። እኔ ግን የምነሣው ከአንድ ማሰሮ የፈላ ውኃ ነው።

በ1977 ዓ.ም ኮልፌ አካባቢ በሚገኝ፣ ስሙን በማልጠራው ትምህርት ቤት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። አንድ ቀን መምህራችን ቡታ ጋዝና ማሰሮ ይዘው ገቡ። ከስልሳ የማናንስ ተማሪዎች አንዲት ቴርሞሜትር ከበብን። ውኃው ሲንተከተክ የማንበቡ ዕድል ለእኔ ደረሰኝና «ዘጠና ሁለት» አልሁ። መምህሩ «ደግመህ አንብብ» አሉኝ። ደግሜ አነበብሁ፤ ያው ዘጠና ሁለት ነው። «መጽሐፉ ስንት ይላል?» «መቶ።» «እንግዲያው መቶ ብለህ ጻፍ፤ ይህ ቴርሞሜትር አርጅቷል» አሉኝ። እኔም ዘጠና ሁለትን ሰርዤ መቶ ጻፍሁ፤ ሙሉ ነጥብም አገኘሁ። መምህሩን አልወቅሳቸውም። ደግ ሰው ነበሩ፤ በፈተናው ላይ የሚመጣው መቶ መሆኑንም ከእኔ በተሻለ ያውቁ ነበር።

ያ ቴርሞሜትር ግን አላረጀም ነበር። ኮልፌ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ የከባቢ አየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ውኃ የሚፈላው ከውስጡ የሚወጣው የእንፋሎት ግፊት ከላይ የሚጫነውን የአየር ግፊት ሲያክል ስለሆነ፣ የሚጫነው ሲቀንስ ቀድሞ ይፈላል፤ እዚህ አካባቢ 92 ዲግሪ ላይ ማለት ነው። ሽሮና ምስር በቆላ ከሚበስሉበት ጊዜ ዘግይተው በደጋ የሚበስሉትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ እናቶቻችን ይህን ያውቁት ነበር። እኔ የተረዳሁት ግን ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። በመካከሉ ባሉት ዓመታት፣ ዓይኔ ያየውና መጽሐፉ የጻፈው ሲጋጩ የሚሳሳተው ዓይኔ ነው ብዬ አምኜ ኖርሁ።

ስለ ተግባር ትምህርት ስናወራ አብዛኛውን ጊዜ የምናወራው ስለ ዕቃ እጥረት ነው። እጥረቱ እውነት ነው። ይሁን እንጂ በ1997 ዓ.ም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የጀመረውን የሳተላይት ትምህርት፣ ማለትም «ፕላዝማውን» አስታውሱ። በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ክፍሎች ውስጥ የኬሚስትሪና የፊዚክስ ሙከራ ታየ። ልጆቹ ሙከራውን አዩት፤ በእጃቸው አልሠሩትም። በስክሪን ላይ የሚቀርብ ሙከራ ደግሞ ፈጽሞ አይሳሳትም፤ ውኃው ሁልጊዜ መቶ ላይ ይፈላል። ስለዚህ የእኔ ጥያቄ ዕቃው አለ ወይስ የለም ከሚለው ትንሽ ይለያል። ልጁ የለካው ቁጥር ከመጽሐፉ ቢለይ ማን ይታመናል? የምለው ይህን ነው።

በበጎ የሚነሡ ጥረቶች አሉ። ስቴም ፓወር የተባለው ድርጅት ቢሾፍቱ ከሚገኘው ከፎቃ ማዕከል ተነሥቶ ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር በየክልሉ ማዕከላት አቋቁሟል፤ በ2015 ዓ.ም መስከረም ወርም አዲስ አበባ ውስጥ የሳይንስ ሙዚየም ተመርቋል። ከእነዚህ ጎን ለጎን ግን የአንድ ቀን ትርኢት ልማድ ሆኗል፤ ባነር ይሰቀላል፣ ቲሸርት ይታደላል፣ ሆምጣጤና ቤኪንግ ሶዳ ተቀላቅለው «እሳተ ገሞራ» ይፈነዳል፣ ፎቶ ይነሣል። ልጆቹ ይደሰታሉ፤ ደስታውን አልነቅፍም። ነገር ግን ማንም ምንም አልለካም።

እኛ ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ የምንሠራው ከዚህ ያነሰ ነው። ከሰባተኛና ከስምንተኛ ክፍል የተመረጡ ሠላሳ ያህል ልጆች አሉን። የተመረጡት በዕጣ ነው፤ በውጤት ብንመርጥ ኖሮ መቶ ብለው የሚጽፉትን ብቻ እናገኝ ነበር። እንጨቱን የምንገዛው ከአጠና ተራ ነው፤ ሽቦ፣ ቆርቆሮና ከተሰበረ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት ደግሞ ከምናለሽ ተራ እናመጣለን። ከውጭ የመጣ የምንለው ቴርሞሜትሩንና ማስመሪያውን ነው።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ሥራ ውኃ ማፍላት ነበር። አምስት ቡድኖች በአምስት ቴርሞሜትር ለኩ። ወረቀቶቹን ስሰበስብ ሦስቱ ቡድኖች መቶ ብለው ጽፈዋል። በሁለቱ ወረቀት ላይ የተሰረዘው ቁጥር ከሥር ይነበባል፤ 92 እና 91 ተኩል። አርባ ዓመት አለፈ፣ ሥርዓተ ትምህርቱ ስንት ጊዜ ተቀየረ፣ እጁ ግን ያው እጅ ነው! ከዚያ ቀን ጀምሮ በዐውደ ጥናቱ አንዲት ሕግ አለች፤ የተለካ አይሰረዝም። የተጠራጠረ ከጎኑ ይጽፋል፣ ደግሞ ይለካል፣ ምክንያቱን ይፈልጋል፤ የመጀመሪያውን ቁጥር ግን አያጠፋም።

አሁን ረዘም አድርጌ ልነግራችሁ የምፈልገው ስለ ጥላ ነው። ጥላን መለካት ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም፤ አባቶቻችን የራሳቸውን ጥላ በጫማ እየለኩ ሰዓት ያውቁ ነበር። እኛ ከመሬት በላይ ልክ አንድ ሜትር የሆነ አጠና በትምህርት ቤቱ ግቢ ተከልን። የሰፈሩ ግንበኛ በቱንቢ አቃናልን፤ መሬቱንም በውኃ ልክ አስተካከለልን። ልጆቹ በታኅሣሥ አጋማሽ አንድ ቅዳሜ ከ6 ሰዓት ጀምሮ በየአምስት ደቂቃው የጥላውን ጫፍ በጠጠር ምልክት አደረጉ።

የመጀመሪያው ግርምት የመጣው ከሰዓቱ ነው። «ቀትር 6 ሰዓት ነው» ብለው የመጡ ልጆች ጥላው ከ6 ሰዓት በኋላም እያጠረ መሄዱን አዩ። አጭር የሆነው 6 ሰዓት ከ20 አልፎ ነው። አንደኛው ስልኬን ተቀብሎ ሰዓቱን አረጋገጠ። ስልኩም አልተሳሳተም። የአገራችን ሰዓት የተቀመረው በሶማሌ ክልል ምሥራቃዊ ክፍል በሚያልፈው 45ኛው ኬንትሮስ ነው፤ አዲስ አበባ ያለችው ከዚያ ስድስት ዲግሪ ከሩብ ያህል ወደ ምዕራብ ነው። ምድር አንድ ዲግሪ ለመዞር አራት ደቂቃ ስለሚፈጅባት ፀሐይ እኛ ዘንድ 25 ደቂቃ ያህል ትዘገያለች። ምድር ፀሐይን የምትዞርበት መንገድ ፍጹም ክብ ባለመሆኑና ዛቢያዋም በማዘንበሉ፣ የእኛ ቀትር በዓመቱ ውስጥ ከ6 ሰዓት ከ10 ገደማ እስከ 6 ሰዓት ከ40 ገደማ ይዋልላል።

ሁለተኛው ግርምት አቅጣጫው ነው። በታኅሣሥ የቀትሩ ጥላ 63 ሴንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ወደ ሰሜን ይወድቃል። ለአውሮፓ ልጆች የተጻፉ መጻሕፍት የቀትር ጥላ ሁልጊዜ ወደ ሰሜን ነው ይላሉ፤ ለእነርሱ እውነት ነው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች፣ ከሚያዝያ 5 ገደማ እስከ ነሐሴ 23 ገደማ ፀሐይ ከራሳችን በላይ አልፋ ወደ ሰሜን ትሄዳለች። ሰኔ አጋማሽ ላይ ደመናው ከፈቀደ ያው አጠና 26 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥላ ወደ ደቡብ ይጥላል። በሁለቱ መሸጋገሪያ ቀናት ደግሞ በቀትር ጥላ የለም። የነሐሴው ክረምት ስለሆነ አይታይም፤ የሚያዝያው ግን በእጃችን ነው።

ሚያዝያ 5 ቀን ጥላው ወደ አጠናው ሥር ሲገባ ልጆቹ ዝም አሉ። በዚያው ቀትር መቀሌ የሚኖር የሙያ ባልደረባዬ የአንድ ሜትር እንጨት ተክሎ ሲጠብቅ ነበር። (ከመቀሌ ጋር ስልክ በተቋረጠባቸው ዓመታት ይህን ሥራ ልንሠራው አንችልም ነበር፤ ያን ቀን ስልኩ ሲጠራ የተሰማኝን ለእናንተ መግለጽ አያስፈልገኝም።) «8 ነጥብ 3 ሴንቲ ሜትር፣ ወደ ሰሜን» አለን። ልጆቹ ታንጀንት ገና አልተማሩም። ስለዚህ በትልቅ ካርቶን ላይ አንድ ሜትር ቁመትና 8 ነጥብ 3 ሴንቲ ሜትር መሠረት ያለው ሦስት ማዕዘን ሠርተው፣ ጠባቡን ማዕዘን በፕሮትራክተር ለኩት፤ አራት ዲግሪ ከሦስት ሩብ ሆነ። መቀሌ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ናት፤ በካርታ ላይ በማስመሪያ ሲለካ ርቀቱ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አራት ከሦስት ሩብ ዲግሪ 500 ኪሎ ሜትር ከሆነ 360 ዲግሪ ስንት ነው? 37,900 ኪሎ ሜትር ያህል። ኤራቶስቴንስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዘመን በእኛው ዓባይ ዳር በአስዋንና በእስክንድርያ መካከል የሠራውን ስሌት፣ የኮልፌ ልጆች በአጠና ደገሙት።

ክርክሩ ከዚህ በኋላ መጣ። አባቱ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር የሆነ ልጅ መቀሌ 780 ኪሎ ሜትር ነው ብሎ ሞገተ። አልከለከልነውም፤ በእርሱ ቁጥር ሲሰላ ምድር 59,000 ኪሎ ሜትር ሆነች። «መንገዱ ስለሚጠመዘዝ ነው» ያለው ራሱ ነው። ከዚያ የምድር ዙሪያ በትክክል 40,000 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑን ነገርኋቸው። ይህን መናገሬ ስሕተት ነበር ብዬ አስባለሁ። ወዲያው አንዲት ተማሪ ወደ ኋላ አስልታ፣ ጥላው 7 ነጥብ 9 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ኖሮ መልሱ እንደሚገጥም ደረሰችበት። ስሌቷ የሚደነቅ ነው። ቀጥላ ግን እርሳሷን አንሥታ 8 ነጥብ 3 የሚለውን ልትሰርዝ ጀመረች። ጓደኛዋ እጇን ይዛ «የተለካ አይሰረዝም» አለቻት።

ታዲያ አራቱ ሚሊ ሜትር ከየት መጡ? ፀሐይ ነጥብ አይደለችም፤ ከምድር ስትታይ የግማሽ ዲግሪ ያህል ስፋት አላት። ስለዚህ የአንድ ሜትር እንጨት የጥላ ጫፍ ጥርት ብሎ አያልቅም፤ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር በሚያህል ስፋት ይደበዝዛል። 8 ነጥብ 3ም 7 ነጥብ 9ም በዚያ ድብዛዜ ውስጥ ናቸው። ባልደረባዬ በትክክል ለክቷል፤ መጽሐፉም አልተሳሳተም። ልኬት የራሱ ወሰን ያለው መሆኑን ለሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለማስረዳት አንድ ሙሉ ሴሚስተር እንደክማለን፤ ስንቶቹ እንደሚገባቸው እናንተም ታውቃላችሁ። ያን ቀን በሩብ ሰዓት አለቀ።

የሒሳቡን በአጭሩ ልለፈው። ብዙዎቹ ልጆች የነጋዴ ቤተሰብ ልጆች ናቸውና ዕቁብን ያውቃሉ። «ዕጣ ቀድሞ ያወጣ ይጠቀማል ወይ?» ብለን ጠየቅን። አብዛኞቹ አዎን አሉ። አሥራ ሁለት የታጠፈ ወረቀት፣ አንዱ ብቻ ምልክት ያለበት፣ አሥራ ሁለት ልጆች በተራ ያወጣሉ፤ 240 ጊዜ ተደገመ። ተራ ለውጥ ባያመጣ ለእያንዳንዱ ተራ ሃያ ገደማ ይደርሰዋል። አንደኛው ተራ 17 ጊዜ፣ አሥራ ሁለተኛው 23 ጊዜ ወጣላቸው፤ ሌሎቹም በሃያ ዙሪያ ተበተኑ። አንድ ልጅ ግን ምልክት ያለበት ወረቀት ብዙ ከመነካካቱ የተነሣ ጠርዙ መላጡን አየና ሙከራው ሁሉ እንዲደገም ጠየቀ። ደገምነው። ሰዓት አለፈብን፤ ሁለት ወላጆችም ተቆጡን።

አሁን ከመምህራን በኩል ዘወትር የሚነሣውን ተቃውሞ ላንሣ፤ በፈተና አይመጣም የሚለውን። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3 ነጥብ 3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም 3 ነጥብ 2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም 5 ነጥብ 4 በመቶ ነበሩ። በዚህ ቁጥር ፊት የቆመ መምህር ቅዳሜውን ለጥላ ሳይሆን ለጥያቄ ማለማመጃ ቢሰጥ ልፈርድበት አልችልም። የእኛ ሠላሳ ልጆች በፈተና የተሻለ እንደሚያመጡም ማረጋገጫ የለኝም፤ ቁጥራቸው ትንሽ ነው፣ ጊዜውም አጭር ነው፣ ከሌለኝ መረጃ ቃል አልገባም። የምለው ሌላ ነው። መቶ ሲባል የሸመደደ ልጅ ጥያቄው «በአዲስ አበባ» ብሎ ቢመጣበት የሚይዘውን ያጣል። ከእነዚህ ልጆች ጥቂቶቹ ነገ ሐኪም ቤት የደም ግፊት ይለካሉ፣ ግንባታ ላይ የሲሚንቶ ናሙና ይፈትሻሉ። መሣሪያው ከሚጠበቀው የተለየ ቁጥር ሲያሳያቸው መሰረዝን ከለመዱ ጉዳቱ የሚደርሰው በእነርሱ ላይ ብቻ አይደለም።

በመጨረሻ አንድ ልመና አለኝ። ለመጪው ሚያዝያ 5 ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብም አንድ አጠና እንፈልጋለን። አርባ ምንጭ 6 ዲግሪ ላይ ናት፤ በዚያ ቀትር ጥላው ወደ ደቡብ፣ አምስት ሴንቲ ሜትር ገደማ መሆን አለበት። መሆን አለበት ያልሁትን ግን ለልጆቹ አልነገርኋቸውም፤ እናንተም አትንገሩብኝ። ከእናንተ መካከል በበዓል ወደ አርባ ምንጭ የሚሄድ ተማሪ ካለ፣ አንድ ሜትር እንጨት፣ ቱንቢና ማስመሪያ ይዞ ከ6 ሰዓት ከሩብ በፊት ፀሐይ ላይ ይቁም። ያነበበውን ደውሎ ይንገረን፤ ምንም ይሁን ምን።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።