በገዛ እጅ የሚገጠም የስፖርት አውቶሞቢል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገጥም ሰው የሚያስፈልገው

በእንግሊዝ አገር ብዙ ዘመን የቈየ አንድ ልማድ አለ፤ ይኸውም የቤቱ ጌታ ተሠርቶ ያለቀ አውቶሞቢል ከመግዛት ይልቅ ክፍሎቹን በየሣጥኑ አስመጥቶ፤ በቤቱ አጠገብ ባለው ጋራዥ ውስጥ በገዛ እጁ ገጥሞ መንዳት ነው። ነገሩ ለሚሰማው ሰው የሕፃን ጨዋታ ይመስላል። ዳሩ ግን በዚህ ዐይነት የተገጠመው አውቶሞቢል በአደባባይ መንገድ ላይ ከሌላው እኩል የሚሮጥ፤ ሚስት ወይም ልጅ በጐን የሚቀመጡበት ስለ ሆነ፤ ሥራው ጨዋታ ብቻ አይደለም። ስለዚህ በዛሬው ገጻችን እንዲህ ያለውን ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጀምር ሰው እስከ ፍጻሜው ለማድረስ ምን ምን እንደሚያስፈልገው ልንገልጽ አሰብን። ለምሳሌም የምንወስደው በዚህ ዐይነት ከሚሸጡት ሁሉ ስሙ በጣም የታወቀውን፤ «ሰቨን» የተባለውን ባለ ሁለት ወንበር አውቶሞቢል ነው። የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢያችን ይወቅልን።

ይህነን አውቶሞቢል ያሰበው በ1928 ዓ.ም. ተወልዶ በ1982 ዓ.ም. የሞተው መሐንዲስ ኮሊን ቻፕማን ነው። የመጀመሪያውን አውቶሞቢሉን በ1948 ዓ.ም. ከአንድ አሮጌ ኦስቲን ላይ ተነሥቶ ሠራ፤ በ1952 ዓ.ም. ሎተስ የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ፤ በ1957 ዓ.ም. ደግሞ ሎተስ ሰቨንን ለገበያ አቀረበ። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር ተሠርቶ ያለቀ አዲስ አውቶሞቢል የሚገዛ ሰው ከባድ የግዢ ግብር ይከፍል ነበር፤ ሳይገጠም በክፍል በክፍሉ የተሸጠ ግን ከዚህ ግብር ነጻ ነበር። ሕጉ የመግጠሚያ መመሪያ ከክፍሎቹ ጋራ እንዳይሰጥ ስለ ከለከለ ቻፕማን የመፍቻ መመሪያ አዘጋጅቶ ሰጠ፤ ገዢውም ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እየተመለሰ በማንበብ ይገጥም ነበር እየተባለ ይተረካል። ግብር ሰብሳቢዎቹ ይህን ብልሃት በሰሙ ጊዜ ምን እንዳሉ ለአንባቢያችን ግምት እንተወዋለን። የግዢው ግብር በ1973 ዓ.ም. ቀረ፤ በዚያው ዓመት ሎተስ የሰቨንን መብት ኬተርሃም ካርስ ለተባለው ኩባንያ አሳልፎ ሰጠ። ግብሩ ቢቀርም በገዛ እጅ የመግጠም ፍቅር አልቀረም፤ ኩባንያው ዛሬም በኬንት አውራጃ በዳርትፎርድ ሆኖ ሰቨንን ለፈለገ ሰው በየሣጥኑ ይሸጣል።

እንግዲህ ጀማሪው አስቀድሞ ሊመርጥ የሚገባው የክፍሎቹን ዐይነት ነው። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ሻንሲው በፋብሪካ ተበይዶ፤ የአሉሚኒየሙ ላሜራ ለብሶ፤ የኤሌክትሪክ ሽቦውና የፍሬኑ ቱቦ ተዘርግቶለት፤ ቀሪው ሁሉ በአዲስ ዕቃ የሚመጣበት መንገድ ነው። ሁለተኛው ሻንሲውን ራስ በይዶ፤ ሞቶሩንና አክሱን ከአሮጌ አውቶሞቢል ነቅሎ መሥራት ነው። በ1996 ዓ.ም. ሮን ቻምፒዮን የተባለ በአውንድል የሚያስተምር መምህር በ250 ፓውንድ ብቻ የስፖርት አውቶሞቢል መሥራት ይቻላል የሚል መጽሐፍ አሳትሞ፤ ብዙ ሰው ከአሮጌ ፎርድ ኤስኮርት ዕቃ እየነቀለ ይህነን ሁለተኛውን መንገድ ተከትሏል። መንገዱ የተመሰገነ ነው፤ ነገር ግን ብየዳ ላልለመደ ሰው እኛ አንመክረውም። የአሮጌ ዕቃ ዝገት፤ የጐደለ ብሎንና የማይገጥም ቀዳዳ ጀማሪውን ተስፋ ያስቈርጡታል፤ በየጊዜው «ያላለቀ ሥራ» እየተባሉ በርካሽ የሚሸጡት አውቶሞቢሎች አብዛኞቹ በዚህ ምክንያት የተተዉ ናቸው። የፋብሪካውን የመረጠ ሰው ግን ከእጁ የሚጠበቀው አንድ መቶ ሰዓት ገደማ ነው ተብሎ ይገመታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ለሚሠራ ሰው ይህ ጥቂት ወራት ማለት ነው።

ገንዘቡን ከመክፈል በፊት በቤት ውስጥ ምክር ሊደረግ ይገባል። አውቶሞቢሉ ትንሽ ነው፤ ርዝመቱ 3 ሜትር ከ10 ሴንቲ ሜትር ገደማ፤ ክብደቱም እንደየዐይነቱ ከ440 እስከ 600 ኪሎ ግራም ገደማ ስለ ሆነ አንድ አውቶሞቢል የሚያገባ ጋራዥ ይበቃዋል። ነገር ግን ከዙሪያው ሰው የሚዞርበት ስፍራ፤ ለሣጥኖቹ መደርደሪያ፤ መልካም መብራትና ደረቅ ወለል ያስፈልገዋል። ሣጥኖቹ በሳሎን የተከመሩ እንደ ሆነ የቤቱ እመቤት በሦስተኛው ሳምንት ብትቈጣ ልንፈርድባት አንችልም። ስለ ገንዘቡም ቢሆን የክፍሎቹን ዋጋ ብቻ ያሰበ ሰው ይሳሳታል፤ መሣሪያው፤ ዘይቱ፤ የመንግሥት ምርመራው፤ ኢንሹራንሱና የመመዝገቢያው ገንዘብ ሁሉ በመጀመሪያው ወረቀት ላይ ሊጻፍ ይገባል። ለልጆች ትምህርት የተቀመጠውን ገንዘብ በዚህ ሥራ ላይ ማዋል አባት የሚሠራው ነገር አይደለም።

መሣሪያን በተመለከተ ብዙ ሰው ከመጠን በላይ ይገዛል። በእርግጥ የሚያስፈልገው ይህ ነው፤ ሙሉ የመፍቻ ስብስብ፤ ባለ ስድስት ማዕዘን መፍቻዎች፤ ካቻቢቴ፤ ፒንሳ፤ የጐማ መዶሻ፤ መሰርሰሪያ፤ የሪቬት መምቻ፤ ክሪክና አራት ጠንካራ የብረት መደገፊያ። በዚህ አውቶሞቢል ላይ በኢንች የተለካውም በሚሊ ሜትር የተለካውም ብሎን ተቀላቅሎ ስለሚገኝ መፍቻው በሁለቱም ልክ ሊሆን ያስፈልጋል። ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ባለ 13 ሚሊ ሜትሩ መፍቻ የሚገባ ይመስላል፤ በኀይል ሲጠመዘዝ ግን የብሎኑን ራስ አሟልጮ ያጠፋዋል። ከሁሉ በላይ ሊገዛ የሚገባው የጥብቀቱን ኀይል በቍጥር የሚለካው መፍቻ ነው። ብሎን ከልኩ በታች የጠበቀ እንደ ሆነ ይፈታል፤ ከልኩ በላይ የጠበቀ እንደ ሆነ ደግሞ ተስቦ ይበጠሳል፤ የእጅ ስሜት ይህን ሊለይ የሚችለው በብዙ ዓመት ልማድ ነው። መመሪያው ለየብሎኑ ቍጥሩን ይሰጣል። በቍጥሩ ከጠበቀ በኋላ በነጭ ቀለም መስመር ማስመር መልካም ነው፤ ምክንያቱም ያላመለከቱበት ብሎን ሁሉ ማታ በዐልጋ ላይ ጥርጣሬ ያመጣል።

ሣጥኖቹ በደረሱ ቀን ግንባታ አይጀመርም። ያ ቀን የመቍጠሪያ ቀን ነው። እያንዳንዱ ከረጢት ከዝርዝሩ ጋራ ይመሳከራል፤ የጐደለው ወዲያው ለሻጩ ይጻፋል፤ ከሦስት ወር በኋላ «አልደረሰኝም» ማለት ክርክር ያመጣልና። ልጆች በዚህ ሥራ ሊረዱ ይችላሉ፤ ብሎን ከብሎን፤ ዳዶ ከዳዶ፤ ሮንዴላ ከሮንዴላ ለይተው በየሣህኑ ማስቀመጥ ለእነርሱ ደስታ ነው። የአሉሚኒየሙ ጠርዝ ግን እንደ ምላጭ ስለሆነ ወደ ላሜራው እጃቸውን ያለ ጓንት አይስደዱ። ውስጣቸው ናይሎን ያለባቸው ዳዶዎች ከተፈቱ በኋላ ሁለተኛ ስለማያገለግሉ ትርፍ አስቀድሞ መግዛት ይገባል።

ሥራው አብዛኛውን ጊዜ ከፊት እግር፤ ማለት ከመሪውና ከፊቱ መያዣ ክንዶች ይጀመራል፤ ይህ ክፍል ቀላልና ደስ የሚያሰኝ ነው። የጀማሪው ልብ የሚፈተነው ከኋላ ዲፈረንሲያሉን በሚያስገባበት ቀን ነው። ዕቃው ከባድ፤ ስፍራው ጠባብ ነው፤ በመካከል ትክክል እንዲቀመጥም በግራና በቀኝ ስስ ሮንዴላ እየጨመሩና እየቀነሱ መለካት ያስፈልጋል። ለዚህ ቀን አንድ ታጋሽ ወዳጅ ይጠራ። ደግሞም ብዙ ጀማሪ የሚስተው አንድ ነገር አለ። ውስጣቸው ጐማ ያለባቸው የመያዣ ክንዶች አውቶሞቢሉ በመደገፊያ ላይ ሳለ ለመጨረሻ ጊዜ ሊጠብቁ አይገባም። እግሮቹ ተንጠልጥለው ሳሉ የጠበቁ እንደ ሆነ፤ አውቶሞቢሉ መሬት በነካ ጊዜ ጐማው ተጠምዝዞ ይቀራል፤ ብዙም ሳይቈይ ይቀደዳል። ስለዚህ በእጅ ብቻ አጥብቆ መተውና አውቶሞቢሉ በአራት እግሩ ቆሞ ክብደቱን ከተሸከመ በኋላ መጨረስ ነው።

ሞቶሩና ካምቢዮው ከውጭ ተጋጥመው ከላይ በክሬን ይወርዳሉ። ክብደታቸው ከመቶ ኪሎ በላይ ስለ ሆነ ክሬኑን መከራየት እንጂ በገመድና በጐረቤት ጕልበት መሞከር አይገባም። የካምቢዮው ጭራ ወደ ዋሻው እንዲገባ ሞቶሩ ዘንበል ይደረጋል፤ የሻንሲው ቀለም እንዳይፋቅ ብርድ ልብስ ይጠመጠምበታል። በዚህ ሰዓት ልጆችም ውሾችም ከጋራዡ ውጭ ይሁኑ። በተንጠለጠለ ሞቶር ሥር ማንም ሰው፤ ለአፍታም ቢሆን፤ እጁን አያግባ።

አሁን ወደ ፍሬኑ ደርሰናል፤ በዚህ ላይ ጥቂት እንቈይ። የተቀረው ስሕተት ሁሉ አውቶሞቢሉን በመንገድ ላይ ያቆመዋል፤ የፍሬን ስሕተት ግን እንዳይቆም ያደርገዋል። የፍሬን ዘይት የእግርን ኀይል ወደ አራቱ መንኰራኵር የሚያደርሰው ፈሳሽ ስለማይታመቅ ነው፤ አየር ግን ይታመቃል። ስለዚህ በቱቦው ውስጥ ጥቂት የአየር አረፋ የቀረ እንደ ሆነ ፔዳሉ ይላላል፤ ኀይሉ ወደ መንኰራኵሩ ሳይደርስ አረፋውን ሲያጨማትር ይቀራል። አየሩን የማስወጣት ሥራ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ፔዳሉን ይረግጣል፤ ሁለተኛው በመንኰራኵሩ አጠገብ የማስተንፈሻውን ብሎን ይከፍታል፤ ፔዳሉ ወለል ላይ ሳለ ብሎኑን ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ እግር ይነሣል። ባልና ሚስት ድምፃቸውን አስማምተው «ርገጥ፤ ያዝ፤ ልቀቅ» እየተባባሉ ይህን ሥራ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊፈጽሙት ይችላሉ። የዘይቱ ማጠራቀሚያ በመካከሉ እንዳይጐድል መጠበቅ ያስፈልጋል፤ የጐደለ እንደ ሆነ አየር እንደ ገና ይገባና ሥራው ከመጀመሪያው ይጀመራል። የፍሬን ዘይት ቀለም የሚልጥ፤ ከአየርም እርጥበት የሚስብ ነው፤ ስለዚህ የፈሰሰው ወዲያው በውሃ ይታጠብ፤ ተከፍቶ የከረመ ቆርቆሮም አይጨመር። ሥራው ባለቀ ጊዜ ፔዳሉን በሙሉ ኀይል ለጥቂት ደቂቃ ረግጦ ይዞ፤ ሌላው ሰው በመብራት መገጣጠሚያውን ሁሉ አንድ በአንድ ይመልከት። አንዲት ጠብታ እንኳ ብትታይ አውቶሞቢሉ ከጋራዥ አይወጣም።

ሞቶሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ከማስነሣት በፊት የሞቶሩ፤ የካምቢዮውና የዲፈረንሲያሉ ዘይት መሞላቱ በዐይን ይረጋገጥ፤ ዲፈረንሲያሉን የረሱ ሰዎች ብዙ ናቸውና። ቀጥሎም ካንዴላዎቹ ወጥተው፤ ቤንዚኑም እንዳይረጭ ተቋርጦ፤ የዘይቱ ግፊት በመለኪያው ላይ እስኪታይ ድረስ ሞቶሩ በባትሪ ይዘወራል። የደረቀ ኩሽኔታ ላይ የተነሣ ሞቶር በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የብዙ ወር ገንዘብ ያጠፋል። የእሳት ማጥፊያ በአጠገብ ይቀመጥ፤ የጋራዡም በር ይከፈት፤ ከማርሚታው የሚወጣው ጢስ በዝግ ቤት ውስጥ ሰው ይገድላል።

የተገጠመው አውቶሞቢል መንገድ ላይ ለመውጣት የመንግሥትን ፈቃድ ይፈልጋል። በእንግሊዝ አገር ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ አንድ በአንድ የሚመረመሩበት ሕግ ወጥቶ፤ በ2009 ዓ.ም. በአዲስ ሕግ ተተክቷል። መርማሪው ፍሬኑን፤ መብራቱን፤ ጢሱን፤ ድምፁን፤ መስተዋቱንና የወንበሩን ቀበቶ ያያል። ጀማሪዎችን ብዙ ጊዜ የሚጥላቸው ግን ሹል ጠርዝ ነው። መንገደኛን ሊነካ የሚችል ጠንካራ ጠርዝ ሁሉ ቢያንስ 2.5 ሚሊ ሜትር ራዲየስ ያህል የዞረ ሊሆን ይገባል፤ ስለዚህ በወጡት ብሎኖች ላይ የላስቲክ ቆብ፤ በላሜራው ጠርዝ ላይም የጐማ ከፈፍ ይደረጋል። ሰውን ለማዳን የወጣ ሕግ ስለ ሆነ ሊማረሩበት አይገባም። የወደቀ ሰው አስተካክሎ እንደ ገና ይቀርባል። ቀኑ አስቀድሞ ከተያዘና ኢንሹራንስ በሻንሲው ቍጥር ከተገባ፤ ታርጋ የሌለው አውቶሞቢል ወደ ምርመራው ስፍራ በመንገድ እንዲነዳ ሕጉ ይፈቅዳል።

ከምርመራው በኋላ የሚቀረው መመዝገብ ነው፤ በዚህም ጊዜ የሥራው ወረቀት ዋጋ ይታወቃል። ክፍሎቹ ሁሉ አዲስ መሆናቸውን፤ ወይም አንዱ ብቻ የታደሰ መሆኑን በደረሰኝ ያስረዳ ሰው የዓመቱን ታርጋ ያገኛል። ዘመኑ ሊታወቅ ላልቻለ አውቶሞቢል ግን «ኪው» በሚባለው ፊደል የሚጀምር ታርጋ ይሰጠዋል፤ ይህም ኋላ ሊሸጥ ሲፈልግ ዋጋውን ይቀንስበታል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሣጥን ጀምሮ ደረሰኙ ሁሉ በአንድ ማኅደር ይቀመጥ፤ በየደረጃውም ፎቶግራፍ ይነሣ። ማኅደሩን ለቤቱ እመቤት መስጠት የተሻለ እንደ ሆነ ብዙ ሰው ይናገራል፤ በጋራዥ የተቀመጠ ወረቀት በግራሶ ተለውሶ አይነበብምና። ታርጋው ከተሰቀለ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ሞቶሩ ሳይጨነቅ በዝግታ ይነዳል፤ ከዚያም የሞቶሩ ዘይት ተለውጦ፤ በነጭ ቀለም የተሰመረው ብሎን ሁሉ ከመስመሩ ንቅንቅ ማለቱና አለማለቱ አንድ በአንድ ይታያል።