ድርሻና ትራፊ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ባለፈው ትምህርታችን ስለ ዐቢይ ጾም ተነጋግረን ነበር። 55 ቀን እንደምንጾም፣ የመጨረሻው ሳምንት ሰሙነ ሕማማት እንደሚባል፣ አቅሙ ያላቸው ምእመናንም ከዓርብ ጀምረው እስከ ትንሣኤ ሌሊት ምንም ሳይቀምሱ እንደሚያከፍሉ ታስታውሳላችሁ። ዛሬ ደግሞ ጾሙ ሲፈታ ስለሚቀርበው ማዕድ እንማራለን። «ለመብላት ደግሞ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል?» የሚል ልጅ ከመካከላችሁ አይጠፋም። እኔም በእናንተ ዕድሜ ሳለሁ እንዲሁ እል ነበር።

እስኪ የትንሣኤን ዋዜማ አስቡ። ቅዳሜ ጠዋት ካህናቱ ቄጠማ አድለውናል፤ ሁላችንም በራሳችን ላይ አስረናል። እናታችሁ ግን ከማዕድ ቤት አልወጣችም። ሽንኩርቱ በዝግታ እሳት ረጅም ሰዓት እየተማሰለ ይበስላል፤ በርበሬው ይገባል፤ ቅቤው ይከተላል። ዶሮዋ በሎሚና በጨው ተደጋግማ ታጥባ በ12 ብልት ትወጣለች። አንዳንድ እናቶች ይህን ቁጥር ከ12ቱ ሐዋርያት ጋር እያያዙ ለልጆቻቸው ይነግራሉ። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፤ ይህን ሁሉ የምትሠራው እናት ጾመኛ ናትና ወጡን አትቀምሰውም። ጨውን በግምት ትጨምራለች፤ ሽታውን እያወቀች አፏን ትጠብቃለች። ስለዚህ በትንሣኤ ሌሊት ወጡ ጨው ቢበዛበት ወይም ቢያንሰው ፊታችንን ማጨማደድ አይገባንም።

ዶሮዋ 12 ብልት ካላት፣ ቤተሰባችንም ስድስት ከሆነ፣ ሁለት ሁለት ይደርሰናል ብላችሁ በልባችሁ ሒሳብ የጀመራችሁ ትኖራላችሁ። ቆዩ፣ አትቸኩሉ። ከዚያ በፊት የሚወጣ አለ።

በመጽሐፈ ነህምያ ምዕራፍ 8 ላይ እንዲህ ያለ ታሪክ እናገኛለን። ከምርኮ የተመለሱት እስራኤል በኢየሩሳሌም በውኃ በር ፊት ባለው አደባባይ ተሰበሰቡ። ካህኑ ዕዝራ የሕጉን መጽሐፍ ሲያነብላቸው ኃጢአታቸውን አስበው አለቀሱ። ነህምያና ዕዝራ፣ ሌዋውያኑም፣ ቀኑ ለእግዚአብሔር የተቀደሰ ነውና እንዳያለቅሱ ነገሯቸው። ሄደው የሰባውን እንዲበሉ፣ ጣፋጩንም እንዲጠጡ ፈቀዱላቸው። ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። ምንም ላላዘጋጁት ሰዎች ድርሻቸውን እንዲልኩላቸውም ተነገራቸው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ላኩ የተባለው ድርሻን ነው። ትራፊ ከበላንና ከጠገብን በኋላ በድስቱ የሚቀረው ነው። ድርሻ ግን ገና ሳንቀምስ የሚወጣ፣ ባለቤት ያለው ነገር ነው።

በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 12ም የፋሲካው በግ ሲታዘዝ ጎረቤት አልተረሳም። ለአንድ በግ ቤተሰቡ ጥቂት ከሆነ፣ ባለቤቱ በቤቱ አጠገብ ካለው ጎረቤቱ ጋር እንዲካፈል ታዟል። የበዓል ማዕድ ከመጀመሪያው ጀምሮ አጥር የለውም ማለት ነው።

«ሙስሊም ጎረቤቶች አሉን፤ እነርሱስ?» ብላ ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪ ጠይቃኝ ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነው። እነርሱ እኛ ያረድነውን ሥጋ አይበሉም፤ እኛም የእነርሱን አንበላም። ታዲያ ሥጋ ልኮ ማሳፈር አይገባም። ብዙ እናቶቻችን የሚያደርጉትን ታውቃላችሁ፤ ቡና አፍልተው፣ ቆሎ ቆልተው፣ ፍራፍሬ አቅርበው ይጠሯቸዋል። ያም ድርሻ ነው።

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። የ9 ዓመት ልጅ ሳለሁ ከቤታችን ዝቅ ብሎ አንዲት አረጋዊት ይኖሩ ነበር። ሁላችንም «እማማ» እንላቸዋለን። ልጅም ዘመድም በአጠገባቸው አልነበራቸውም። ሀብታቸው አንዲት እንቁላል የምትጥል ዶሮ ብቻ ነበረች። በየዓመቱ ከዓርብ ጀምረው ያከፍሉ ነበር። እናቴም የእርሳቸውን ድርሻ፣ አንድ ብልትና አንድ እንቁላል፣ ከሁላችን አስቀድማ ክዳን ባላት ትንሽ የሸክላ ድስት ታወጣለች። በዚያ ዓመት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሌሊት ወደ 9 ሰዓት ገደማ ይሆናል። እናቴ ድስቷን ሰጥታኝ፣ «እማማ ባዶ ሆዳቸውን ናቸው። ፈጥነህ አድርስላቸውና ና፤ እስክትመጣ አንቆርስም» አለችኝ።

መንገዱ 50 እርምጃ አይሞላም። እኔ ግን 30ውን ሳልራመድ የቅቤው ሽታ አሸነፈኝ። ክዳኑን ከፍቼ እንቁላሏን ላወጣ እጄን ስሰድ፣ እግሬን የቦዩ ድንጋይ አደናቀፈኝ። ድስቷ ወደቀች፤ ተሰበረች። ወዲያው የሰፈሩ ውሻ ደረሰ። በዚያ ሌሊት በሰፈራችን ከሁሉ ቀድሞ የፈሰከው እርሱ ነው።

ስብርባሪውን በእግሬ ወደ ቦዩ ገፍቼ ተመለስኩ።

«አደረስክ?» አለች እናቴ።
«አዎ።»
«ምን አሉህ?»
«ተባረክ አሉኝ።»
«ድስቷስ?»
«ነገ መጥተህ ውሰድ አሉኝ።»

አያችሁ ልጆች፣ የመጀመሪያውን ውሸት ለማቆም ሁለት ሌሎች ውሸቶች አስፈለጉኝ። አባቴ ጸሎት አድርሶ ድፎ ዳቦውን ባረከና ቆረሰ። እኔም ከመሶቡ ቀረብኩ፤ ነገር ግን በጉጉት የጠበቅኩት ወጥ በጉሮሮዬ አልወርድ አለኝ። እናቴ ከጾሙ ብዛት ሆዴ ደርቆ መስሏት ተልባ ጨመረችልኝ።

ሲነጋ እማማ መጡ። ሌሊቱን በተልባና በደረቅ እንጀራ ፈስከው ነበር፤ ይህን ያወቅነው በኋላ ነው። የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው አንድ የተቀቀለ እንቁላል አወጡና በእጄ ላይ አኖሩልኝ። «ዘንድሮ ጾሙን ሙሉውን ጾመ ሲሉ ሰምቼ ለአንተ ብዬ ያስቀመጥኳት ናት» አሉኝ። እናቴም፣ «እማማ፣ ወጡ ጨው አልበዛበትም? ሳልቀምስ እኮ ነው የሠራሁት» ብላ ጠየቀቻቸው።

እማማ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ከዚያ፣ «እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ» አሉ። ሌላ ምንም አልተናገሩም። እኔ ግን እንቁላሏን እንደያዝኩ ማልቀስ ጀመርኩ፤ ሁሉንም ተናገርኩ።

እናቴ አልመታችኝም። ብትመታኝ ይቀለኝ ነበር ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤአለሁ። ወደ ማዕድ ቤት ገብታ ትልቁን ድስት ከፈተች። የቀረው አንድ ክንፍና ጥቂት መረቅ ነበር። ድስቱን ይዛ ቆማ፣ «ድርሻቸውን አውጥቼ ነበር፤ አሁን ምን ብዬ ትራፊ ላቅርብላቸው?» ስትል ሰማኋት። እማማም ሰሟት። «ትራፊ የሚሆንብኝ ደጅ ቆሜ ብቀበለው ነው። አብረሽኝ ከቀመስሽ ምኑ ትራፊ ነው?» አሏትና ከመሶቡ ተቀመጡ። እናቴም አብራቸው ተቀመጠች። የመጀመሪያውን ጉርሻ ግን እማማ ጠቅልለው ያጎረሱት እኔን ነበር።

ይህን ታሪክ ባስታወስኩ ቁጥር የሚቆጨኝ ድስቷ መሰበሯ አይደለም። ሸክላ ይሰበራል። ወዲያው ተመልሼ «እናቴ፣ ተደናቅፌ ደፋሁት» ብዬ ቢሆን ኖሮ ትልቁ ድስት ገና አልተነካም ነበር፤ ሌላ ድርሻ ይወጣ ነበር። በማዕድ ቤት የሚደርስ ጥፋት አብዛኛው እንዲህ ነው፤ ቶሎ ከተነገረ መላ አለው። እሳቱን እንድትጠብቁ ታዛችሁ በጨዋታ ብትዘነጉና ሽንኩርቱ ከሥሩ ማረር ቢጀምር፣ ደብቃችሁ አታማስሉት። ያረረውን ከማሰሉት ምሬቱ ሁሉንም ያዳርሰዋል። ለእናታችሁ ፈጥናችሁ ብትነግሯት የድስቱን ሥር ሳትፍቅ ላይ ላዩን ወደ ሌላ ድስት ገልብጣ ታድነዋለች። የፈላ ነገር ሲደፋ ግን መጀመሪያ ራሳችሁን ከአጠገቡ አርቁ፤ ምግቡን ለማትረፍ እጃችሁን አትስደዱ። እንጀራ ወይም ዳቦ ከእጃችሁ ቢወድቅ ደግሞ አያቶቻችሁ አንስተው ሲስሙት አይታችኋል። የእግዚአብሔር ስጦታ ነውና እግር እንዳይረግጠው ነው።

ድርሻ ከወጣና ሁሉም ከበላ በኋላስ የሚተርፈው ምን ይሁን? ይህን ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ራሱ አስተምሮናል። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ላይ እንደተጻፈው አምስት የገብስ እንጀራና ሁለት ዓሣ የነበረው አንድ ልጅ ነው፤ እንደ እናንተ ያለ ልጅ። ጌታችን ያን ባርኮ ከሴቶችና ከሕፃናት በቀር 5,000 የሚያህሉ ወንዶችን አጠገበ። ከዚያ በኋላ ደቀ መዛሙርቱ የተረፈውን ቁርስራሽ አንድም ሳይጠፋ እንዲሰበስቡ አዘዘ፤ 12 መሶብም ሞላ። ከአምስት እንጀራ ይህን ያህል ማብዛት የሚችል አምላክ ቁርስራሹን «ተውት» አላለም። እኛ እንኳንስ ልናበዛ፣ ዱቄቱ ካለቀ ወፍጮ ቤት የምንሄድ ሰዎች፣ ግማሽ እንጀራ ቆርሰን ትተን ስንነሣ ምን እንባል?

ስለዚህ በበዓል ቀን ልጆች ሊሠሩት የሚችሉት ሥራ አለ። እንጀራ ስትቆርሱ የምትጨርሱትን ያህል ብቻ ቁረሱ። በመሶቡ የተረፈውን ንጹሑን ሰብስባችሁ ሸፍኑ። ለፍርፍር ይሆናል፤ ከበዛም በፀሐይ ደርቆ ድርቆሽ ይሆናል፤ ድርቆሽ ብዙ ቀን ይቆያል። ወጡ ሳይከደን ደጅ አይደር። ማቀዝቀዣ ባለበት ቤት ቀዝቀዝ ሲል ይገባል፤ በሌለበት ቤት እናቶች ጠዋትና ማታ በደንብ ያፈሉታል። ለብ አድርጎ መብላት ግን ሆድ ያሳምማል።

የጾም ቀን ሲደርስስ? ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም አይጾምም፤ የፋሲካው ወጥ ረቡዕ ላይ ቢገኝ ይበላል። በሌላው ጊዜ ግን እንዲህ አይደለም። ለምሳሌ ገና ማክሰኞ ቢውል ማግስቱ ረቡዕ ነው፤ ወጡ ተከድኖ ሐሙስን ይጠብቃል። «ይበላሻል» ብሎ ጾም መሻር የለም። ይልቅስ ማክሰኞ ማታውኑ ጎረቤት መጥራት ይሻላል።

በቤተ ክርስቲያን ደጅ ላሉት ነዳያን የተረፈንን መስጠት መልካም ነው። ነገር ግን አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ። ዳቦውን፣ ወጡን፣ ሰላጣውን በአንድ ፌስታል ደባልቆ መስጠት አለ፤ አይቼ አዝኛለሁ። ሽታው የተለወጠውን፣ እኛ ራሳችን ያልደፈርነውን አውጥቶ መስጠትም አለ። ይህ ምጽዋት አይደለም። እንጀራውን ለብቻው፣ ወጡን ክዳን ባለው ዕቃ ለብቻው አድርጉ፤ በሁለት እጃችሁ ስጡ፤ «እንኳን አደረሳችሁ» በሏቸው። እነርሱም በዓል ነው።

እማማ ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። እናቴ ግን እስከ ዛሬ በትንሣኤ ዋዜማ አንድ ትንሽ ድስት ከሁሉ አስቀድማ ታወጣለች። አሁን የምትሄደው ወደ ሌላ ቤት ነው። የሚያደርሳት የእኅቴ ልጅ ነው፤ ክዳኑ ደግሞ በጨርቅ ጥብቅ ብሎ ይታሰራል።

ለሚቀጥለው እሑድ ይህን ሠርታችሁ ኑ። በቤታችሁ የበዓል ወጥ ሲወጣ የመጀመሪያው ድርሻ ለማን እንደሚወጣ እናታችሁን ወይም አያታችሁን ጠይቁ። ነህምያ ምዕራፍ 8ን ከቍጥር 9 እስከ 12 ከወላጆቻችሁ ጋር አንብቡ። ሳትናገሩ የደበቃችሁት የተሰበረ ዕቃ ያላችሁ ደግሞ ለእኔ መንገር አያስፈልጋችሁም፤ ለእናታችሁ ንገሯት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።