መስኮቱ ይከፈት

በሐይቅም ሆነ በአምባሰል በሽተኛ ስንጠይቅ አንድ ልማድ አለን። «ብርድ እንዳይመታው» ብለን በሩንም መስኮቱንም እንዘጋለን። ሐሳባችን ደግ ነው። ነገር ግን አየሩ ይታፈናል። በውስጡ ያለው የበሽታ ጀርምም መውጫ ያጣል።

የሳንባ ነቀርሳን እንመልከት። በሽታው የሚመጣው ከጀርም ነው እንጂ ከብርድ አይደለም። ይህን ጀርም በ1874 ዓ.ም. ለዓለም ያስታወቀው ሮበርት ኮህ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ነው። ጀርሙ በዓይን አይታይም። በሽተኛው ሲያስል ይወጣል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለሰዓታት ይንሳፈፋል። ጠያቂውም ይተነፍሰዋል። መስኮት ሲከፈት ግን ነፋስ ጠርጎ ያወጣዋል። የፀሐይ ብርሃንም ይገድለዋል።

ስለዚህ ወደ ቦሩ ሜዳ ወይም ወደ ደሴ ሆስፒታል ሄደን በሽተኛ ስንጠይቅ የተከፈተውን መስኮት አንዝጋ። ብርድ ከፈራን ጋቢ እንደርብለት። ተሰብስበን ሳይሆን ተራ በተራ እንግባ። ሕፃናትን ቤት እንተው። የሚያስል ሰው አፉን በነጠላው ይሸፍን። በቤታችንም እንዲሁ እናድርግ።

ሳል ሁለት ሳምንት ከቆየ ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በነፃ ይሰጣል። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የጨረሰ አብዛኛው ሰው ይድናል።